መወርወሪያው በእንግዳው በኩል

በጣርማ በር አፋፍ፣ ጉም ከቀትር በኋላ መንገዱን በሚሸፍንበት ስፍራ፣ አጋፋሪ ወንድይፍራው መንገደኛ የሚያሳድሩበት ሰፊ እልፍኝ ነበራቸው፤ ከእሳቸው በኋላ ልጃቸው ባላምባራስ ብዙአየሁ፣ ከባላምባራስም በኋላ ግራዝማች ሀይለገብርኤል ያንኑ ቤት ጠበቁ። አጋፋሪ የደነገጉት ሥርዓትም አልተለወጠም፤ እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ አገሩ አይጠየቅም፤ በቅሎው ከባለቤቱ በቅሎ በፊት ገብስ ይቀርብለታል፤ የሚያድርበትም ክፍል መወርወሪያ ከውስጥ፣ በእንግዳው እጅ በኩል ይሠራል። አንድ አናጢ ተሳስቶ በውጭ በኩል ቢያበጀው ባላምባራስ ብዙአየሁ «ወህኒ ቤት ሥራ አልኩህን?» ብለው በሩን ከነመቃኑ አስነቅለዋል ይባላል።

የዚህ ቤት አራተኛ ወራሽ ቀኛዝማች ግዛው ሀይለገብርኤል፣ ነሐሴ ፫ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም. ማክሰኞ ጧት፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና፣ በእትዬ ለተማርያም የቅመማ ቅመም ሱቅ ውስጥ ከስልኩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ሙቀቱ ገና በማለዳ የመስተዋቱን በር ማጋል ጀምሯል፤ እሳቸው ግን ኮታቸውን እስከ ላይኛው ቁልፍ ድረስ ቆልፈዋል። በሚድ ዊልሻየር መኪና ማቆሚያ በር ላይ ትኬት በሚቆርጡበት ጠባብ ክፍል ውስጥም ቢሆን ኮታቸውን ፈትተው አያውቁም። የዚያን ዕለት ከሥራ ፈቃድ የጠየቁት የሟች እህታቸው የውብነሽ ልጅ የምሥራች ከሮማ ትደውላለችና ነው።

በዚያ ዘመን ከደርግ መንግሥት ሸሽቶ ሮማ የደረሰ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነበር፤ የኢጣልያ ሕግ ግን ጥገኝነት የሚሰጠው ከኤውሮጳ ለመጣ ስደተኛ ብቻ ስለ ነበረ፣ የእኛ ሰው ሌላ አገር እስኪቀበለው ድረስ በዘመድ ጓዳ፣ በመነኮሳት ቤት፣ አለዚያም በባቡር ጣቢያው ዙሪያ ፔንሲዮን በሚባሉ ርካሽ ማደሪያዎች ቀኑን ይገፋ ነበር። የምሥራች የተጠጋችው በቤት ሠራተኝነት ከምትኖር የአገሯ ልጅ ዘንድ ነበር፤ ነሐሴ ሲቃረብ የቤቱ ባለቤቶች እንደ ሮማ ሰው ሁሉ ቤታቸውን ዘግተው ወደ ባሕር ወረዱ። ወደ አሜሪካ ለመሻገር የተቀጠረላት ቃለ መጠይቅ ረቡዕ ነሐሴ ፬ ቀን ነው፤ እስከዚያ ለአሥራ ሁለት ሌሊት አቅሟ የሚችለው አልጋ ሊፈለግላት ግድ ሆነ።

ቀኛዝማች ግዛው በሮማ በትራስቴቬሬ ሠፈር እንግዳ ለሚቀበሉ ሴት መነኮሳት በጥሩ ወረቀት፣ የአያት የቅድመ አያታቸውን ማዕርግ ጭምር ዘርዝረው ደብዳቤ ጻፉ፤ መልሱንም በፖስታ ይጠብቁ ጀመር። የልጅቱ ወንድም ወንዳፍራሽ ግን ታክሲ ነጂ ነውና፣ በአውሮፕላን ጣቢያ ተሰልፈው ተራ የሚጠብቁ ጓደኞቹን ጠያይቆ በአንድ ቀን አልጋ አገኘ።

«ደብዳቤ? ጋሼ፣ በዚህ ዘመን? ደብዳቤህ ሮማ እስኪገባ እሷ ኤል ኤ ትገባለች እኮ!»

«ያገኘኸውን ቤት ባለቤት ጠይቀኸዋል?»

«ምኑን?»

«ሌሊት ቁልፉ በማን እጅ እንደሚያድር።»

ወንዳፍራሽ ሳቀ። «አልጋ አልጋ ነው ጋሼ። ከሁሉም ቺፕ እሱ ነው፤ ከስቴሽኑ ሁለት ደቂቃ። ሪዘርቭ አድርጌዋለሁ፣ ኦኬ? ይኼ የጣርማ በር እልፍኝ አይደለም።»

ቀኛዝማች ወደ መነኮሳቱ አልደወሉም፤ በክብር የተጻፈን ደብዳቤ በስልክ ልመና መከተል ከቤታቸው ሥርዓት ውጭ መስሎ ታይቷቸው ነበርና።

ከጧቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ወንዳፍራሽ የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ ወደ ሱቁ ገባ።

«ቀይ መስመር ላይ ነው ፓርክ ያደረግከው» አሉት እትዬ ለተማርያም በርበሬ እየመዘኑ። «ኋላ የቅጣት ቲኬት ቢሰጡህ በእኔ ሱቅ አታሳብብ።»

«አምስት ደቂቃ ነው እትዬ። ድምጿን ሰምቼ እሄዳለሁ።»

ስልኩ ጮኸ፤ ቀኛዝማች አነሱት። የምሥራች እየተጣደፈች ትናገራለች።

«ጋሼ፣ ሦስት የስልክ ሳንቲም ነው የቀረኝ። ፓስፖርቴን ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ይዘውታል። የነገው ቃለ መጠይቅ ያለ ፓስፖርት አይሆንም ብላቸው፣ የሙሉ ወር ካልከፈልሽ አንሰጥሽም አሉኝ። ያደርኩበትን ሁሉ ከፍያለሁ። ደግሞም . . .»

«ደግሞ ምን፣ ልጄ?»

«በሩ ከውስጥ አይዘጋም። ቁልፉ የባለቤቱ ወንድም ጋ ነው። ትናንት ሁለት ጊዜ ሳያንኳኳ ገባ። ሻንጣዬንና ወንበሩን በሩ ላይ ደግፌ፣ ቁጭ ብዬ ነው ያነጋሁት።»

ቀኛዝማች ድምፃቸውን ሳይለውጡ የቤቱን ስልክ ቁጥር ተቀበሉ፤ የመነኮሳቱንም አድራሻ ሰጧት። «ሰው በሚበዛበት ቁሚ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግቢና ፓስፖርትሽንና ሻንጣሽን ይዘሽ ውጪ። ከዚያ ሳትዘገዪ ወደ መነኮሳቱ ቤት ሂጂ፤ ከምሽቱ በሁለት ሰዓት በራቸውን ይዘጋሉ። እንደ ደረስሽ ደውይልኝ» አሏት። መነኮሳቱ አልጋ ይኑራቸው አይኑራቸው ግን አያውቁም ነበር፤ በሮማ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል።

የሰሙትን ለወንዳፍራሽ በአጭሩ ነገሩት። ፊቱ አመድ መሰለ። «እገድለዋለሁ» አለ።

«ከዚህ ሆነህ? ዝም በልና ቁጥሩን ምታልኝ።»

ቀኛዝማች ግዛው ኢጣልያንኛ የተማሩት በትምህርት ቤት አልነበረም። በ፲፱፻፳፱ ዓ.ም. የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ሳሉ ከአባታቸው ጋር ወደ ኢጣልያ ተግዘው፣ በካላብርያ ተራራ ላይ ባለች መንደር ሁለት ዓመት ኖረዋል፤ አልጋው ንጹሕ፣ ሾርባው ትኩስ ነበር፤ በየምሽቱ በመዝገብ ላይ ከፈረሙ በኋላ ግን በሩ ከውጭ ይቆለፍባቸዋል። አባታቸው ግራዝማች ሀይለገብርኤል፣ ስንቱን ያሳደሩ ሰው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ፊታቸውን ከበሩ አዙረው ይተኙ ነበር።

የፔንሲዮኑ ባለቤት ስልኩን አነሣ። ቀኛዝማች ከአርባ ዓመት በላይ ያልተናገሩትን ቋንቋ ቀስ ብለው፣ አንድ አንድ ቃል እያነሡ ተናገሩ። «ጌታዬ፣ የልጅቱ አጎት ነኝ። በአገርዎ ሕግ ያሳደሩትን እንግዳ ስም ለፖሊስ ማስታወቅ ግዴታዎ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ በመዝገባችሁ ላይ ሁለት ዓመት ስፈርም የኖርኩ ሰው ነኝ። የእህቴ ልጅ ስም መድረስ አለመድረሱን የሠፈሩን ፖሊስ ከመጠየቄ አስቀድሞ እርስዎን መጠየቅ ጨዋነት ነው ብዬ ነው።»

ሰውየው «ትምጣና ትውሰድ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

እትዬ ለተማርያም በዚህ መካከል የጎረቤታቸውን ስልክ ለምነው በኦፕሬተር በኩል የመነኮሳቱን ቁጥር አግኝተው ነበር። ቀኛዝማች ሲደውሉ እመ ምኔቷ ራሳቸው መለሱ። ደብዳቤው ቅዳሜ ደርሷቸዋል፤ ከማዕርጉ ብዛት የተነሣ ማን ለማን እንደሚጽፍ ለመለየት ተቸግረው ነበር፤ ቢሆንም አልጋ ለይተው፣ ልጅቱ የምትገባበትን ቀን የሚያስታውቅ ስልክ ሲጠብቁ ሰንብተዋል። ዋጋው ከፔንሲዮኑ በጥቂት ቢበልጥ ነው፤ የልብስ ማጠቢያውን ካገዘቻቸው ደግሞ ያንሳል። በሩ ግን በሁለት ሰዓት ይዘጋል።

ቀኛዝማች ስልኩን አስቀመጡ።

«አልጋው ከቅዳሜ ጀምሮ ባዶ ነበር» አሉ። «አንድ ጊዜ ብደውል ኖሮ የትናንቱን ሌሊት ባላየችው። ኮራሁ።»

ሦስቱም የስልኩን ጩኸት መጠበቅ ጀመሩ።

ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ሦስት ተኩል። ቀኛዝማች በልባቸው ከጣቢያው ተነሥተው የቴቬሬን ወንዝ ይሻገራሉ፤ አውቶቡሱ ይዘገይባቸዋል፤ ሰውየው ሐሳቡን ለውጦ ከበሩ ሲመልሳት ይታያቸዋል፤ እንደገናም ከጣቢያው ይነሣሉ። በር የሚከፍተው ደምበኛ ሁሉ ያስደነግጣቸው ጀመር።

«ወንዳፍራሽ፣ ፖሊሱ መጣ፤ እየጻፈልህ ነው» አሉ እትዬ ለተማርያም በመስኮት እያዩ።

«ይጻፍ።»

አራት ሰዓት አለፈ። የፍልሰታ ጾም ነውና እትዬ ለተማርያም ውኃ እንኳ አላቀረቡም። አራት ተኩል ሲሆን ወንዳፍራሽ ስልኩን አነሣና መሥራቱን አዳምጦ ወዲያው መለሰው፤ «አትንካው!» ብለው ቀኛዝማች ገሠጹት። በዕድሜያቸው በሰው ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የተናገሩት ጥቂት ጊዜ ነው።

ለአምስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ገባሁ» አለች የምሥራች እያለከለከች። «በሩን ሊዘጉት ሲሉ ደረስኩ። ፓስፖርቴ በእጄ ነው። ክፍሌ መወርወሪያ አለው፤ ከውስጥ ነው። እሱን አይቼ ነው የደወልኩት።»

ስለዚያ ዘመን የጻፉ ሰዎች በሮማ በኩል ስንት ሰው እንዳለፈ፣ የትኛው ሕግ እንዳገደውና የትኛው አገር እንደተቀበለው መዝግበዋል፤ ከሕዝቡ እያንዳንዱ በየትኛው በር ውስጥ እንዳደረ ግን የጻፈ የለም። የጣርማ በሩ እልፍኝም በ፲፱፻፷፯ ዓ.ም. ተወርሶ የገበሬ ማኅበሩ የእህል መጋዘን ሆኗል፤ መወርወሪያውንም እህሉ እንዳይሰረቅ ብለው ነቅለው በውጭ በኩል አድርገውታል። ሦስት ትውልድ የጠበቀው ሥርዓት በዚያ ጧት የቀረው በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ልብ ውስጥ ነበር፤ ታሪክም ይህን አላወቀለትም።

ቀኛዝማች ግዛው የኮታቸውን የላይኛ ቁልፍ ፈትተው በረጅሙ ተነፈሱ። ወንዳፍራሽ ወጥቶ የቅጣቱን ወረቀት ከመኪናው መስተዋት ላይ አንሥቶ፣ ሳያነበው እንደታጠፈ ይዞ ተመለሰና ከፊታቸው ቆመ።

«ጋሼ» አለ አንገቱን ደፍቶ፤ «ነግረውኝ ነበር፤ ሳቅኩብዎ። ስደውል ዋጋውን ብቻ ነው የጠየቅኩት። ተሳስቻለሁ።»