ማህደሩ ሳይታይ

ጥሩሰው አምቦ ውስጥ የግንባታ ዕቃ መሸጥ ከጀመረ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። ሰውን አንዴ አይቶ የሚለይ ይመስለዋል። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከሱቁ ዝቅ ብሎ ያለው ሰፊ ግቢ እንደሚሸጥ ሲሰማም ብዙ አልጠየቀም። ሻጩ ኦልጅራ ተግባቢ ጎልማሳ ነው። ግቢውን አክስቱ በስጦታ እንዳስተላለፉለት፣ የከተማው ስም ከሀገረ ሕይወት ወደ አምቦ ሲለወጥ የድሮው ማህደር ስለጠፋ መዝገብ መፈለጉ ልፋት ብቻ እንደሆነ ነገረው። ሰኞ ሊፈራረሙ ተቀጣጠሩ።

የጥሩሰው ሚስት አርሴማ ግን ነገሩ አልተዋጠላትም።

«በማን ስም እንደተመዘገበ ሳናይ እንዴት እንፈርማለን?»

«ይህን መጠየቅ ሰውየውን ሌባ ነህ ማለት እኮ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል» አላት።

«ሰፈሩ የሚያውቀው እሱን ነው። መዝገቡን ማን አየው?»

ጭቅጭቁን ለመገላገል ያህል አርብ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ሄደና ኦልጅራ የሰጠውን፣ ስሙ የደበዘዘ የይዞታ ካርታ ቅጂ ከማመልከቻ ጋር አቀረበ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ኦቦ ዲንሳ ቁጥሩን ኮምፒውተር ላይ ፈልገው አጡት። ጥሩሰው ይኸው እንደተባለው ጠፍቷል ብሎ ሊወጣ ሲል በኦሮምኛ ጀምረው አስቆሙት።

«ቱሪ፣ ቆይ እንጂ ወንድሜ። የተለወጠው ስሙ ነው፤ ወረቀቱ የትም አልሄደም።»

ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብተው የሀገረ ሕይወት ማኅተም ያለበትን ማህደር አቧራውን እያራገፉ አመጡ። ውስጡ የስጦታ ውል የለም። ባለይዞታዋ ወይዘሮ ጌጤነሽ የሚባሉ የሐሮ ወንጪ ነዋሪ ናቸው፤ የዘንድሮውንም ግብር ራሳቸው ፈርመው ከፍለዋል።

ጥሩሰው ውሉን ትቶ ዝም ማለት ይችል ነበር። ነገር ግን እሱ ቢተወው ሌላ ሰው እንደሚገዛው ሲያስብ አላስችል አለው። እሑድ ከአርሴማ ጋር ሐሮ ወንጪ ሄደው አሮጊቷን ገብስ ሲያሰጡ አገኟቸው። ወይዘሮ ጌጤነሽ የወንድማቸው ልጅ ኦልጅራ ቤቱን እንዲጠብቅላቸው አደራ ከማለት በቀር ምንም እንዳልሰጡት ተናገሩ።

«ሳልሞት ወረሰኝ በሉኛ» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ሦስቱም አብረው አምቦ ገቡ። ኦልጅራ አክስቱን ከገዢው ጎን ሲያይ ወረቀቶቹን ሰብስቦ አንገቱን ደፋ። ወይዘሮ ጌጤነሽ አልጮኹበትም። የቤቱን ቁልፍ ተቀበሉት፤ ቀጥለውም ማዘጋጃ ቤት ሄደው ያለ እሳቸው ፈቃድ ይዞታው እንዳይተላለፍ በማህደሩ ላይ አስመዘገቡ።

ከወራት በኋላ ጥሩሰው በሌላ ሰፈር ቦታ አገኘ። የዚያኛው ሻጭ ወርቅቱ የምትባል ጡረተኛ መምህርት ናት። ስለ ዋጋ ከመነጋገራቸው በፊት፣ ቅር እንዳይላት እየሰጋ፣ መጀመሪያ ማህደሩን አብረው ቢያዩ ደስ እንደሚለው ነገራት።

ወርቅቱ ነጠላዋን አንስታ ተነሣች። «ሳታይ እገዛለሁ ብትለኝ ነበር የምጠረጥርህ» አለችው።