ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ

ይህን የምጽፍላችሁ እጄን ደጋግሜ በበረኪና ታጥቤ ነው። አሁንም ይሸተኛል።

ተረት ነው የሚል ሰው ማንበቡን እዚህ ላይ ይተው። እኔ ፈጥሬ የመጻፍ ችሎታ የለኝም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ልጅ ያሳደግሁ የቤት እመቤት ነኝ። በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

አሰላ ነው። ባለፈው ሰኔ።

ጨለማም አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ የጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። አሁን ያለሁት ኢተያ እህቴ ቤት ነው። ወደዚያ ቤት አልመለስም።

እታገኘሁ እባላለሁ። ባለቤቴ ወንድምአገኝ ጢቾ ያስተምራል፤ ቤት የሚመጣው ቅዳሜና እሁድ ነው። ሌላውን ቀን እኔና ልጃችን ሮሐ ብቻችንን ነን።

እኔ ፈሪ ነኝ፣ አልዋሽም። ስልክ ሲጠራ ሰው ሞተ ብዬ ነው የማነሳው። ልጄ ካሳለች ሳንባ ነው፤ ከዘገየች መኪና ነው። ስለዚህ ሮሐ "እማ፣ ኢንተርኔቱ ተንቀራፈፈ" ስትለኝ ወዲያው የታየኝ የወደቀችው ፈተና ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ የምታጠናው በቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ደግሞ ይሽከረከራል... ይሽከረከራል... አይከፈትም።

ለወንድምአገኝ ደወልኩ።

"ራውተሩን አጥፊና አብሪው" አለኝ።

"አጥፍቼ አበራሁት።"

"እንግዲያው ጎረቤት እየመጠጠው ነው። ፓስወርዱን ቀይሪ።"

ቀየርኩት። ያው ነው።

"አንቺ ደግሞ ዕቃ ሁሉ ይታመምብሻል" ብሎ ሳቀብኝና ዘጋው።

ከዚያ አንድ ነገር ማስተዋል ጀመርኩ።

ራውተሩን የማስቀምጠው ሮሐ ክፍል ያለው ጠረጴዛ መሃል ላይ ነው። ጠዋት ሳየው ጠርዝ ላይ ነው። ወደ ግድግዳው ተጠግቷል።

"ሮሐ፣ አንቺ ነሽ የምትጎትቺው?"

"እኔ ምን ሊያደርግልኝ?"

ወደ መሃል መለስኩት። በማግሥቱም ጠርዝ ላይ አገኘሁት። ገመዱ እንደ ልብስ ማስጫ ተወጥሯል።

ገመዱ የሚገባው በሮሐ አልጋ ራስጌ በኩል ባለው የግድግዳ ቀዳዳ ነው። ቤቱ የአማቴ የድሮ የጭቃ ቤት ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ነው። የገመዱን አቧራ ልጥረግ ብዬ በጨርቅ ያዝኩት...

ይሟልጫል።

አቧራ አልነበረም። ቅባት ነው። ጨርቁን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ሮሐ ፀጉሯን የምትቀባው ዘይት ነው... ግን የሻገተ። ሰው አፍ ውስጥ የሰነበተ ዓይነት ሽታ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ እናቶቻችሁ ሲያደርጉት አይታችኋል። ሲበጠር የረገፈ ፀጉር እንደ ቆሻሻ አይጣልም። ወፍ ወስዳ ጎጆ ከሠራችበት ራስ ምታት አይለቅም ይባላል፤ ክፉ ሰው ካገኘውማ የባሰ ነው። ስለዚህ ይጠቀለላል፣ እንትፍ ይባልበታል፣ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይወተፋል። አማቴ እንዲህ አስተማረችኝ። የሮሐን ፀጉር ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደዚያው ሳደርግ ኖሬያለሁ።

ኢንተርኔቱ ሲገባ ደግሞ ያ ቀዳዳ ተቦረቦረ። ስንጥቅ ከመፈለግ ገላገለኝ። በዚያው እወትፍ ጀመር።

አንድም ቀን ሞልቶ አያውቅም።

ይህን ያኔ አላሰብኩትም። አሁን ነው የማስበው።

ሮሐ ትንሽ እያለች ፀጉሯን እንድሠራት ስትፈልግ አትናገርም። አልጋዋ ላይ ስቀመጥ መጥታ ፊቴ ትቀመጥና ጀርባዋን ትሰጠኛለች። ከዚያ ሚዶውን በትከሻዋ ላይ አሳልፋ ታቀብለኛለች፣ እጀታውን ወደ እኔ አድርጋ። ዛሬም እንዲያው ናት። ያ የእንጨት ሚዶ ግን ከፋሲካ ወዲህ ጠፍቶብናል።

በዚያው ሰሞን ፀጉሯን ስበጥር ከኋላ ሳስቶ አየሁት። ላሽ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ደም ማነስ ነው አልኩ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

"አንቺ ነሻ! ተኝቼ የምትነካኪው።"

"መቼ ነው የነካካሁት?"

"እማ ደግሞ! ጠዋት ጠዋት... ትሠሪኝና ታፈርሺዋለሽ።"

እኔ ተኝታ ነክቻት አላውቅም።

በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጠራሁት የኢንተርኔት ጥገና ሠራተኛ መጣ። በእውቀቱ ይባላል፤ ገመዱን መጀመሪያ የዘረጋውም እሱ ነው። ጨዋታ ያውቃል።

"አካም ጅርቱ፣ ደህና ነዎት እትዬ! ኢንተርኔትዎ እንደ ኢተያ ጋሪ ሆነ አሉ?"

"ጋሪስ ይደርሳል" አልኩት።

ሮሐ አልጋዋ ላይ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ደብተሯን ታነባለች። እሱ መለኪያውን ሰካና ራሱን ነቀነቀ።

"ከምሰሶው እስከ ቤትዎ ደህና ነው። የታመመው ግድግዳው ውስጥ ነው። የዚህ ገመድ ሆድዕቃ መስታወት ነው፣ እትዬ፤ ከተጣመመ ብርሃኑ አያልፍም። አይጥ ይሆናል።"

"አይጥ?" አልኩት።

"ምነው፣ ሚዳቋ መሰለዎት እንዴ?"

ገመዱን ከራውተሩ ነቀለና ከቀዳዳው ይስብ ጀመር።

መጀመሪያ የወጣው ባዶ ገመድ ነው። ከዚያ...

ጥቁር ነገር ተጠምጥሞበት መጣ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ። ድምፁ ላይ ጨዋታው አልነበረም።

ፀጉር ነው። በገመዱ ዙሪያ የተጎነጎነ ፀጉር። ውኃ ውስጥ የነበረ ይመስል ይንጠባጠባል። ግን ውኃ አይደለም፤ ክር እየሠራ ነው ወደ ወለሉ የሚወርደው። እንደ ለሃጭ።

ሳበው። መጀመሪያ የወጣው ጉንጉን የተዝረከረከ ነው፤ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው ዓይነት። እየሳበ ሲሄድ እየተስተካከለ መጣ። እየጠበቀ... እያማረ...

ከዚያ አወቅሁት።

እኔ ግራኝ ነኝ። የእኔ ሹሩባ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ ጎረቤት ሁሉ ይስቅብኛል። ይኸውም ያጋድላል። እንዲያውም አልቆ ሲታሰር እኔ የማደርጋትን ትንሽ ቋጠሮ አድርጓል።

እጄን እያየ የተማረ ነው።

"እትዬ..." አለ በእውቀቱ በሹክሹክታ። "በወዲያ በኩል ማን አለ?"

"ማንም። አጥር ነው።"

"ታዲያ ማን ነው የሚስበኝ?"

ገመዱ እጁ ላይ ተወጠረ። አንዴ... ቀስ ብሎ። አሣ አጥማጅ እንደሚሞክረው። ከዚያ ድንገት ተመዘዘ፤ በእውቀቱ ለቀቀው። ጉንጉኑ ግድግዳውን እያረጠበ ወደ ቀዳዳው ተመልሶ ገባ። የገመዱ ጫፍም አብሮ ጠፋ።

በእውቀቱ መዳፉን አየ። ሱሪው ላይ ጠረገው። እንደገና ጠረገው።

"ከምሰሶው ላይ እቆርጠዋለሁ። በመስኮት ሌላ እዘረጋለሁ። ግን ዛሬ አይደለም፣ እትዬ... ዛሬ አይደለም።"

ፒንሳውን ወለሉ ላይ ትቶ ወጣ። ተከተልኩት፤ ብቻዬን እንዳይተወኝ ልለምነው። የውጭው በር ጋ ስደርስ ቦዩ ላይ ጎንበስ ብሎ ያስመልሰዋል። እኔም አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

ልጄን እዚያ ክፍል ትቻት ወጥቻለሁ።

ሮጥኩ። ጭቃው አዳልጦኝ በጉልበቴ ወደቅሁ፤ ተነሣሁ። ገባሁ።

ሮሐ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ጀርባዋ ግድግዳው ላይ ነው። ማዳመጫው ወድቋል። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ጭንቅላቷን ግን አታንቀሳቅስም።

"እማ... አትጩሂ።"

"ምን ሆንሽ እናቴ?"

"ያዘኝ።"

"ምኑ?"

"ፀጉሬን።"

ከማጅራቷ ቀጭን ጉንጉን ወጥቷል። እኔ አልሠራኋትም፤ ጠዋት ፀጉሯ ፍትት ያለ ነበር። ጉንጉኑ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ እርጥብ ነው። ሄዶ ሄዶ ቀዳዳው ውስጥ ገብቷል።

እያየሁት ትንሽ ገባ። የሮሐ ጭንቅላት ወደ ኋላ ተሳበ።

"እማ... ይሞቃል" አለች። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል።

መቀስ የቱ ጋ እንዳለ ጠፋኝ። የራሴ ቤት ጠፋኝ። የበእውቀቱን ፒንሳ ከወለሉ አነሣሁና ጉንጉኑን በግራ እጄ ያዝኩት። መያዝ ነበረብኝ። ለስላሳ ነው፤ ትኩስ ነው፤ በጣቶቼ መሃል ይሟልጫል። ቆረጥኩት።

ሮሐ በደረቷ ወደቀችብኝ። አቀፍኳት።

የተቆረጠው ጫፍ ግን መሬት አልወደቀም።

አየር ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀስ እያለ መግባት ጀመረ... ልጅ ፓስታ በከንፈሩ እንደሚመጥ። ድምፁም ያው ነው። የመጨረሻዋ ጫፍ የቀዳዳውን ጠርዝ መታ አድርጋ ገባች።

ጸጥ አለ።

ከዚያ ግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር ዋጠ። ጉሮሮ ሲውጥ እንደሚሰማው።

ልጄን በብብቷ ይዤ ወደ በሩ የኋሊት ተራመድኩ። ዓይኔን ከቀዳዳው ማንሣት አልቻልኩም። ምነው ባነሣሁ ኖሮ።

ከውስጥ እንጨት ግድግዳውን ሲቧጥጥ ሰማሁ። በጥንቃቄ... እንዳይሰበር እንደሚጨነቅ ሰው።

ሚዶአችን ነው።

ተልሶ ጸድቷል፤ ያብረቀርቃል። ከጥርሶቹ መሃል ለሃጭ ይንጠባጠባል።

ቀስ ብሎ ወጣ። እጀታውን ወደ እኔ አድርጎ።