ሐረጎ ላይ የጠራሁት ስም

እኔ ጂን የሚባል ነገር አምኜ አላውቅም፣ እንዲያውም ደሴ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ጂን ሰይድን ሲያይ መንገድ ቀይሮ ይሄዳል ይባላል፣ ባዩ እኔው ነኝ እንጂ ሌላ ሰው ሲል አልሰማሁም፣ ግን ውሸት ነው ያለኝም የለም። ይሄን ዝናዬን የሚያበላሽብኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም አማቴ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘይነብን ለማግባት ደፋ ቀና በምልበት ዘመን ኩታበር እነሱ ቤት አመሻሽቼ ስደርስ፣ በረቱ አጠገብ የቆመ ጥጃ ጅብ መስሎኝ ጣራ ላይ ወጣሁ። በቃ፣ ይኸው ነው፣ ማንም ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው። አማቴ ጋሽ እንድሪስ ግን ይቺን ወሬ በየኢዱ፣ በየሰርጉ፣ እመነኝ በለቅሶ ድንኳን ሳይቀር ሲያወሯት ይኸው ልጅ ወልጄ ልጄ አደገች፣ ጥጃውም እየቆየ ግልገል ሆነ፣ አሁን ዶሮ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ማጋነን እኔም እወዳለሁ፣ በራሴ ላይ ሲሆን ግን አልወድም። ልጄ ሂክማ እንኳ ስቆጣት “አባዬ፣ ጥጃ መጣ!” ብላኝ ትሮጣለች። እና ቂም ያዝኩ፣ ቂም ስልህ ደግሞ እንደ እርሾ በየጊዜው እየተጨመረበት የሚኖር ቂም፣ አንድ ቀን እኚህን ሰውዬ በልጅ ልጃቸው ፊት አንቀጥቅጬ ካላሳየሁ ወንድ አይደለሁም ብዬ ምያለሁ።

ዘንድሮ አደይ ሲፈነዳ ጋሽ እንድሪስና አማቴ እማማ ሐዋ ሊጠይቁን ደሴ መጡ። ኩታበር ማለት እኮ እዚያ ሰው ሲያነጥስ እዚህ ሆነህ “የርሐሙከላህ” የምትልበት ርቀት ነው፣ እሳቸው ግን ለሐጅ እንደሚሄድ ሰው ስንቅ አስይዘው፣ ጎረቤት አሰናብተው ነው የመጡት፣ ስለዚህ ማስጎብኘት ግድ ሆነ። ከጓደኛዬ መኪና ተዋስኩና ጦሳ ተራራ ላይ አወጣኋቸው፣ ከተማዋን ቁልቁል አይተው አይተው “ይሄ ሁሉ ሰው ውሃ ከየት ነው የሚጠጣው?” ብቻ አሉ። ገራዶ ወሰድኳቸው፣ የሰው አዝመራ እያዩ “ይሄ እንኳ አልታረመም” እያሉ ሲነቅፉ ዋሉ።

ሐይቅ የሄድን ዕለት አንድ ነገር ታዘብኩ። ሂክማ ከኋላቸው “አባባ! አባባ!” እያለች ስትጣራ ዝም፣ ዘይነብ ስትጠራቸው ዝም፣ ደንቁረዋል ብዬ ወደ ጆሮዬ ጠቁሜ ስስቅ ዞር ብለው አዩኝ።

“እሰማለሁ” አሉ። “ፊቱን ላላየሁት ሰው አቤት አልልም።”

“ምን ችግር አለው፣ አባባ?” አልኩ።

“የጠራህ ማን እንደሆነ በምን ታውቃለህ? አቤት ካልክ በኋላማ እጁ ገባህ። በተለይ በጉም፣ በተለይ ገደል አጠገብ። ጥጃና ጅብ የማይለይ ሰው ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት።”

ሚስቴ ሳቀች፣ ልጄ ሳቀች፣ ዓሣ የሚጠብሰው ሰውዬ ሳይቀር ሳቀ።

እሳቸው ዙሁር ሊሰግዱ ሲሄዱ እማማ ሐዋ ዓሣውን እየፈለፈሉ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። “አትቀየመው፣ ልጄ” አሉኝ፣ “እሱ እንኳ የሚያቃጥለው ሌላ ነው። ታላቅ ወንድሙ ሙሄ ነበር፣ በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልተው ሙሄ አገር ጥሎ ኮምቦልቻ ገባ፣ እዚያው ሞተ። ይሄ ድንጋይ ራስ ቀብሩ ላይ እንኳ አልቆመም። አሁን በእንቅልፉ ‘አውፍ ሳንባባል፣ አውፍ ሳንባባል’ እያለ ያቃስታል። ነገ ኮምቦልቻ አሳየኝ ያለህ ለሽርሽር እንዳይመስልህ፣ መቃብሩን ፈልጎ ነው፣ ግን አፉን ኩራት ይዞት።” ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “እንድሬ እያለ የሚጠራው ሙሄ ብቻ ነበር፣ ሙሄ ከሄደ ወዲህ እንድሬ ያለው የለም። አደራ፣ ነገረችኝ እንዳትል።”

አውፍ ማለት እኛ ዘንድ ይቅር መባባል ነው፣ ሳይባባሉ መለያየት ከሞትም የከፋ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄን ሲሰማ ልቡ ይራራ ነበር። እኔ ግን ዓሣውን እያላመጥኩ በሆዴ “አገኘኋቸው!” ነው ያልኩት።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ሐረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ መንገዱ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል፣ በአንድ በኩል ተራራ በሌላ በኩል ገደል፣ የዚያን ዕለት ደግሞ ጉሙ፣ ወላሂ፣ በቢላዋ ቆርጠህ ፌስታል ውስጥ የምትከተው ዓይነት ነበር። ሰፋ ያለ ቦታ ስደርስ ጥግ ያዝኩና ሞተሩ ሞቀ አልኩ። “ውሃ ልፈልግ” ብዬ ቢጫዋን ጄሪካን አንስቼ ወረድኩ፣ ክዳኗ የጠፋ፣ በአረንጓዴ ፌስታል የተወተፈች ጄሪካን ናት፣ ያቺን ልብ በልልኝ። ገደሉ አፋፍ ላይ ካለ ቁጥቋጦ ኋላ ተደበቅሁና ፎጣዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ ድምፄን አጎርንኜ ተጣራሁ።

“እንድሬ!”

መኪናው ውስጥ ወሬው ቆመ።

“እንድሬ! አውፍ በለኝ፣ እንድሬ!”

በሩ ሲከፈት ሰማሁ፣ በጉሙ ውስጥ ጥላቸው ታየኝ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አቤት አላሉም። የምንቀጠቀጠው እኔው ነበርኩ፣ ያውም ከሳቅ፣ ፎጣውን ነክሼ ያዝኩት። ሦስተኛውን ልጠራ አፌን ስከፍት ከበታቼ ጠጠር ተንከባለለ።

ከበታቼ ያለው ገደል ነው። መንገድ የለም፣ ቤት የለም፣ ፍየል እንኳ አይቆምበትም። ጠጠሩ ጸጥ ሲል አንድ ሰው አሳለ፣ ሽቅብ የወጣ ሽማግሌ ትንፋሹን ለመመለስ እንደሚያስለው። ከዚያ ሳይጮህ፣ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው እንደሚናገር ሁሉ፣ “እንድሬ” አለ።

እመነኝ፣ እኔ አይደለሁም፣ አፌ ላይ ፎጣ አለ።

ፊቱን ላላየሁት አቤት አልልም ያሉት ሰውዬ ዱላቸውን ጥለው “አቤት! አቤት ሙሄ! አቤት ጋሼ!” አሉ፣ ድምፃቸው የሕፃን ልጅ ሆነ። “አውፍ ብያለሁ! አንተም አውፍ በለኝ! ውሃው ያንተ ተራ ነበር፣ አውቅ ነበር፣ ያንተ ነበር!”

ከገደሉ የመጣው መልስ ለእኔ አልተሰማኝም፣ ረጅም ትንፋሽ ብቻ ሰማሁ። ጋሽ እንድሪስ ግን እጃቸውን ዘርግተው “አልሐምዱሊላህ” ሲሉ አየሁ። እኔም አለቀ ብዬ ቀስ ብዬ ልነሳ ስል፣ አሁን ከታች ሳይሆን ከዚያው ከተቀመጥኩበት ቁጥቋጦ፣ ከግራ ጆሮዬ ሥር፣

“ሰይድ” ተባልኩ።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ልማድ ነው፣ ሱቅ ስውል ቀኑን ሙሉ ስጠራ የምውል ሰው ነኝ፣ “አቤት” አልኩ።

“ቆይ።”

ይቺን ብቻ ነው ያለው። የሚያስፈራራ ድምፅ አልነበረም፣ እናትህ እንግዳ ፊት ስታጠፋ ዓይኗን አጥብባ “ቆይ” የምትልህ ዓይነት፣ ጊዜ ያለው፣ የማይቸኩል። ጄሪካኗ ከእጄ አምልጣ ገደሉን ተንከባለለች፣ ቋ ቋ ቋ እያለች ወረደች፣ ወረደችና ድንገት ዝም አለች፣ ድንጋይ መትታ አይደለም፣ ሰው እንደቀለባት ሆና።

መኪናው ጋ እንዴት እንደደረስኩ አትጠይቀኝ። “ሰይድ፣ ፊትህ አመድ መስሏል” አለች ዘይነብ። “ብርድ ነው” አልኩ። “የአንተን ድምፅ የማላውቅ መስሎህ ነው? በሽማግሌ ይቀለዳል?” ብላ በክርኗ ጎሰመችኝ። እሷና ሂክማ የሰሙት እኔን ብቻ ነው፣ ከታች የመጣውን አልሰሙም። እማማ ሐዋ የሰሙትን እንጃ፣ መቁጠሪያ መስበሃቸውን ይቆጥሩ ነበር።

ኮምቦልቻ እንደደረስን ጋሽ እንድሪስ በገዛ አፋቸው “መቃብር ውሰደኝ” አሉ። ሰው ጠይቀን አገኘነው፣ ሳር የወረሰው ድንጋይ ነው፣ ራስጌው ላይ ቢጫ ጄሪካን ተቀምጧል። ኮምቦልቻ ውስጥ ቢጫ ጄሪካን ከሰው እንደሚበዛ አውቃለሁ፣ አትንገረኝ። ግን አፏ በአረንጓዴ ፌስታል ተወትፏል፣ እኔ ባዶዋን የጣልኳት ዕቃ አፍ እስከ ገደፏ ውሃ ሞልታለች። ጋሽ እንድሪስ ምንም ሳይገርማቸው ፌስታሉን ነቅለው ውሃውን መቃብሩ ላይ ቀስ እያሉ አፈሰሱ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ፊታቸውን አብሰው ወደ እኔ ዞሩ። በትዳሬ ዘመን ሁሉ እንዲህ የበራ ፊት አይቼባቸው አላውቅም።

“የመጀመሪያው አንተ ነህ” አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አሰርኩ።

“ሁለተኛው ግን ወንድሜ ነው። ለአንተ ምን አለህ?”

“ኧረ ምንም፣ አባባ፣ እኔ ምን ይለኛል።”

“አቤት ብለሃል?”

“አላልኩም፣ ወላሂ” አልኩ፣ በሐሰት ማልኩ፣ አላህ አውፍ ይበለኝ።

አገጫቸውን እያሹ ብዙ አዩኝ። “ሙሄ ቂመኛ ነበር” አሉ በመጨረሻ፣ ፈገግ ብለው። “እኔን እንኳ አውፍ ብሎኛል። በእሱ አፍ የቀለደውን ግን… አብሽር፣ ትንሽ ቆይቶ ይረሳው ይሆናል። የውሃውን ነገር ሳይረሳ ነው የሞተው እንጂ።” ይሄን ሲሉ ደስታቸውን ብታየው! የእኔ ቂም በሳቸው ፊት የልጅ ጨዋታ ነው።

እዚያው ተንበርክኬ “ጋሽ ሙሄ፣ አውፍ በሉኝ” ብል ኖሮ ያልቅልኝ ነበር። ግን እሳቸው ቆመው እያዩኝ? ለሚቀጥለው ኢድ ወሬ ልሰጣቸው? አላደረግሁትም። ብቻዬን መቃብሩ ጋ ልመለስ ብዬ ሁለት ጊዜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር፣ ሐረጎ ላይ ጉሙን ሳይ አመመኝ ብዬ እየወረድኩ ተመለስኩ።

ደሴ ደግሞ ጉም የማይጠፋባት ከተማ ናት። ጉም ሲወርድ ስሜ ይጠራል፣ ሳይጮህ፣ አጠገቡ ላለ ሰው እንደሚናገር። መጀመሪያ ከጎረቤት ግቢ ነበር፣ ቀጥሎ ከአጥሩ ሥር፣ ባለፈው ሳምንት ከውሃ ታንከራችን ኋላ ሆነ። አቤት አልልም። ደንበኞቼ ሰይድ ደነቆረ ይላሉ፣ አንዳንዱም ኮራ ይላል፣ ይበሉ።

ታንከሩ ያለው ሽንት ቤታችን አጠገብ ነው። እና እውነቱን ልንገርህ፣ የአርባ ስምንት ዓመት ሰው ነኝ፣ ሽንት ቤት የምትወስደኝ ሚስቴ ናት። በር ላይ ቆማ ሳታቋርጥ እንድታወራ አደርጋለሁ፣ አንድ ቀን ደክሟት ዝም ብትል ሱሪዬን ሳልታጠቅ ግቢው መሐል ወጥቼ ቆሜያለሁ፣ ጎረቤቶቼም አይተውኛል።