የቀትሩ ጓደኛ

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱን ዝቅ አድርጉት። ጨለማውን ፈራችሁ እንዴ? ተዉት፣ ጨለማ ምንም አያደርግም። እኔ የማወራችሁ ነገር የሆነው በቀትር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ወፍ እንኳ ጥላ ፍለጋ ክንፏን በምትሰበስብበት ሰዓት። ቀትር የእነማን ሰዓት ነው? ታውቃላችሁ። እኔ ስማቸውን አልጠራም።

ዱሮ ነው፤ ወደ ባሕር በግመል በሚወረድበት ዘመን። አንዳርጌ የሚባል የደጋ ሰው ነበር። አገር ማየት የሚወድ ሰው። ተራራ ካየ ይወጣል፣ ገደል ካየ አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል። ባሕር ግን አይቶ አያውቅም። "ሳላየውማ አልሞትም" አለና ከጨው ነጋዴዎች ጋር ወረደ። ወረደ፣ ወረደ፣ ቆላውን አቋረጠ፣ ባሕሩ ዳር ካለች አንዲት መንደር ደረሰ።

ያችን መንደር ብታዩ! ከፊቷ ሰማያዊ ውሃ፣ ከኋላዋ እሳት የተፋው ጥቁር ድንጋይ። ከጎኗ ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመ ገደል። ማዕበሉ ሥሩን ፈልፍሎ ትልቅ በር አስመስሎታል፤ ነጫጭ ወፎች በላዩ ይዞራሉ። አንዳርጌ አየና አፉን ከፍቶ ቀረ።

ያሳደረው ሑመድ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነው። ሑመድ አማርኛን ከነጋዴዎቹ ለምዷል፤ ዓይነ ስውር እናቱን እየጦረ ይኖራል። ሲነጋ አንዳርጌ ገደሉን አሳየውና፣

"እዚያ ላይ መውጣት አለብኝ" አለው።

"መረቤን ላውጣና አብረን እንሄዳለን። ብቻህን እንዳትሞክረው።"

"ምነው? አውሬ አለ?"

"አውሬማ ቢሆን ጦር እሰጥህ ነበር" አለ ሑመድ። "በዚያ መንገድ የሚሄዱት ሁለት ሆነው ነው። ብቻውን ለሚሄድ መንገዱ ራሱ ጓደኛ ይሰጠዋል።"

አንዳርጌ ሳቀ። ሑመድ አልሳቀም። ጀልባውን ገፍቶ ሄደ።

አንዳርጌ ጠበቀው? ጠበቀው። ረፋዱን ሙሉ ጠበቀው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ግን ትዕግሥቱ አለቀና ተነሣ። የሑመድ እናት ኮቴውን ሰምተው በቋንቋቸው ጮኹበት። አልገባውም። ሄደ።

መንገዱ ቀጭን ነው። በግራ ድንጋይ፣ በቀኝ ባሕር። ሄደ፣ ሄደ። አንድ ቦታ ሲደርስ በጋለው ድንጋይ ላይ የእርጥብ እግር ዱካ አየ። በዚያ ሐሩር ውሃ ድንጋይ ላይ ይቆያል? አይቆይም። "እንግዲያው አሁን ያለፈ ሰው አለ" አለና ደስ አለው። እስቲ አስቡት፣ ደስ አለው! ዱካው ከፊቱ ነበር። ጥቂት እንደሄደ ከጎኑ ሆነ። ጥቂት እንደሄደ ከኋላው ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ሲል ሰማ። ዞረ። ማንም የለም።

በቀትር የሰው ጥላ እግሩ ሥር ነው አይደል? የእሱም እግሩ ሥር ነበር። ከጎኑ ግን አንድ ረጅም ጥላ ተጋድሟል። እጁን አነሣ። ጥላው አላነሣም።

"ማነህ?" አለ አንዳርጌ።

"አንተስ ማነህ?" አለው ድምፅ፣ ከጆሮው ሥር፣ በገዛ አገሩ አነጋገር።

የደነገጠ ሰው የተጠየቀውን ይመልሳል። "አንዳርጌ" አለ።

"አንዳርጌ..." አለ ድምፁ፣ ስሙን እያጣጣመ። "እኔም ባሕሩን ለማየት ነበር የመጣሁት። እኔም ብቻዬን ነበርኩ።"

ሮጠ! ጉልበቱ ተላጠ፣ እጁ ደማ፤ እንዴት እንደወረደ አያውቅም። ሄዶ የሑመድ ቤት በር ላይ ተለጠፈ። በሩ ከተሰበረ ጀልባ ሳንቃ የተሠራ ነው፤ ተዘግቷል። ሑመድ ከባሕር ተመልሶ ኖሮ ድምፁ ከውስጥ ይሰማል።

"ሑመድ! ወንድሜ! ክፈትልኝ!"

ውስጥ ሰው ሲነሣ ተሰማ። ከዚያ የአሮጊቷ ድምፅ። ከዚያ ሑመድ በሳንቃው ስንጥቅ፣

"አንዳርጌ፣ እናቴ የሁለት ሰው ኮቴ ሰማሁ ትላለች። ያሳደርነው እንግዳ አንድ ነበር ትላለች። ማንን ይዘህ መጣህ?"

አንዳርጌ ወደ ጎኑ ማየት አልደፈረም። ዓይኑን ጨፍኖ በሩን ደበደበ።

"ብቻዬን ነኝ! በፈጠረህ፣ ብቻዬን ነኝ! ክፈትልኝ!"

ያኔ ከጎኑ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ ሌላውም በሩን መታ።

"ክፈትልን!"

በሩ አልተከፈተም። ሑመድ ሳንቃውን ተደግፎ አለቀሰ ይባላል፤ በዚያ አገር እንግዳን ከደጅ መመለስ ከሞት ይከፋልና። ደጁ ዝም ሲል፣ ፀሐይም ስታዘቀዝቅ ወጥቶ አየ። የሁለት ሰው ዱካ ጎን ለጎን ወደ ውሃው ወርዷል። አንዱ ጫማ ያጠለቀ፣ አንዱ ባዶ እግሩን። የተመለሰ ዱካ የለም።

በሉ እንግዲህ፣ ወደየቤታችሁ። ማንም ብቻውን እንዳይሄድ፤ እናንተ እዚህ፣ እናንተ እዚያ፣ ተያይዛችሁ ሂዱ።

አንተ በሩ ጥግ ያለኸውስ? ከማን ጋር ነው የመጣኸው?