የጫካው መላሽ

ጦርነቱ ባበቃ በዓመቱ፣ ዝናቡ ገና ባላባራበት ወር፣ የአገሩ አዕዋፍ ሁሉ ተለይተው በቤተ መዘክሩ ይቀመጡ ዘንድ ገዢው አዋጅ አስነገሩ፤ የአዕዋፍን ቆዳ ገፎ፣ ጥጥ ሞልቶ፣ ሕያው የሚያስመስለው ባለሙያም ሥራ በዛበት። ሚስቱ ግን በሳንባ ሕመም አልጋ ይዛ ነበር፤ ሐኪሙም ተስፋ ቆርጧል።

የቀራት ደስታ በየማለዳው ከመስኮቷ ማዶ፣ ከጫካው የምትሰማት ወፍ ነበረች። ዜማዋ በሦስት ቀጫጭን ፉጨት ጀምሮ እንደ ደወል ባለ ወፍራም ድምፅ ይዘጋል፤ ደረቷ ፍም የመሰለ ቀይ፣ ክንፏ አረንጓዴ ነው፤ ስሟን የሚያውቅ ግን አልተገኘም።

«በስምሽ ላስጠራት ነው» አላት ባሏ።

«እኔን ብሎ ዘማሪ! ድምፄ እኮ ዘይት ያልነካው በር ነው» ብላ ሳቀች፤ ሳሉ ሳቋን ቀማት። «ግን አስጠራት። ልጅ እንኳ አልወለድኩ፤ በሷ ልጠራ።»

ባለሙያው የቤተ መዘክሩን ሹም ለመነ።

«ወፏ ራሷ ሳትቀርብ ስም አልመዘግብም፤ ሥርዓቱን እርስዎም ያውቁታል» አሉት።

በሚገባ ያውቀዋል፤ በዚያ ዘመን ወፍ የሚታወቀው ተገድሎ ነበር። ማልዶ ወጥቶ ወፏን ተኩሶ ጣላት፤ አሰናድቶም የሚስቱን ስም በወፏ እግር ላይ አሰረ።

«ጫካው እንደሆነ ሙሉ ነው፤ ሌላዋ ትዘምርልሻለች» አላት።

በማግስቱ ሦስቱ ፉጨት ተሰማ። «አላልኩሽም?» አለ ደስ ብሎት፤ እሷ ግን እጇን አንስታ ዝም አሰኘችው። ወፍራሙ ድምፅ ቀረ። ከቅጠሉ መሐል እንደ ሟቿ ቀይ ደረት ያላት ወፍ ብቅ አለች፤ አሁንም ፉጨት፣ አሁንም ዝምታ።

«ሁለት ነበሩ» አለች ሚስቱ። «ይቺ ስትጠራ ያቺ ትመልስ ነበር፤ እኛ አንድ ወፍ መሰሉን።»

«ወይኔ!» አለ፤ መስኮቱን ሊዘጋም ሮጠ።

«ተው፣ አትዝጋው። እየጠራች የሚሰማት ሲጠፋ ይብሳል።»

ዝናቡ ሳያባራ ሚስቱ አረፈች። ከዚያ ወዲያ ጎረቤቶቹ ባለሙያው ማለዳ ማለዳ ከመስኮቱ ቆሞ «አቤት! አቤት!» ሲል ይሰሙት ነበር፤ ሐዘኑ ናላውን አዞረው ብለው ከንፈር መጠጡ።

ሹሙም የወፏን ድምፅ አዳምጠው ይመዘግቡ ዘንድ ሰዎች ወደ ጫካው ላኩ፤ እነርሱም የቀረውን ሰምተው ተመለሱ። ዛሬም በቤተ መዘክሩ ከመስተዋቱ በስተጀርባ ወፏ የሚስቲቱን ስም ይዛ ቆማለች፤ ከሥሯ «ድምጿ ሦስት ቀጭን ፉጨት ነው» ይላል። የእርሷ ድምፅ ወፍራሙ መልስ እንደነበረ ግን የጻፈ የለም።