የሸማኔው ኮሶ

ረቡዕ ረፋድ ላይ ሐጂ ሀቢቡ ቡታጅራ ገበያ ጫፍ ወዳለው የዱባለ ቤት ተጠርተው ሲደርሱ፣ ሬሳው ገና አልተነሳም። ወጣቱ ሸማኔ እግሮቹን ከሽመናው ጉድጓድ እንደከተተ፣ በጀመረው ጋቢ ላይ ተደፍቷል። ቤቱ ኮሶ ኮሶ ይሸታል። አጠገቡ አተላ የቀረበት ቅል ወድቋል።

ሐጂ ሀቢቡ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ዳኛ ነበሩ፤ አሁንም ነገር ሲደበቅ ሰው የሚፈልገው እሳቸውን ነው። ዱባለ በዚያው ቀን ጦር ሰፈር ተመርምሮ ባንዳ እንዲሆን የተመለመለ ሰው ነበርና፣ የጣሊያኑ አዛዥ ገዳዩ እስከ ቅዳሜ ካልቀረበ ሰፈሩን አቃጥላለሁ ብሏል።

ሐጂ መደቡ ላይ ጎንበስ አሉ። የደረቀ ኮሶ ክብ ሆኖ ታትሞበታል። ቅሉን አንስተው እዚያው ሊያቆሙት ቢሞክሩ ተንከባለለ። ቅሉን ይዘው ወጡ።

ቤቱን ለዱባለ ያከራየችው የሺመቤት፣ ሊነጋጋ ሲል አደይ ፊቷን ተሸፍና ስትገባ ማየቷን፣ እሷ ራሷ ግን ከዚያ ውሃ ልትቀዳ መውረዷን ነገረቻቸው። አደይና ዱባለ መዋደዳቸውን ሰፈሩ ያውቃል። ወንድሟ ባልቻ ለሸማኔ አልድራትም፣ ከተጠጋትም እጁን እሰብራለሁ ብሎ መዛቱም የተደበቀ አይደለም።

ባልቻ የባንዳ ልብሱን እንደለበሰ መጥቶ ዛቻውን አመነ። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን እህቱን ሲጠብቅ ከቤታቸው በር እንዳልተነቃነቀ ተናገረ። ምስክር ሲባል መሪጌታ ወልደአማኑኤልን ጠራ፤ ወደ ገበያው ሲያልፉ ሰላም ብለውታል።

መሪጌታ አደይንም ዱባለንም ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው። ሲጠየቁ ጠዋቱን ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን አልወጣሁም አሉ።

አደይ ወንድሟ ሳይነቃ ወጥታ፣ አንድ ልክ ኮሶ አጠጥታው በጓሮ መመለሷን አልካደችም። ጣሊያኖቹ ታሞ ካዩት ይተዉታል ብላ ነው። ኮሶውን ማን እንደሰጣት ግን አልተናገረችም።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ሌላ ሰው አይፈልጉ» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሐጂ አራቱንም የሺመቤት ግቢ ሰብስበው፣ በሩን አዘጉና ቅሉን መሬት ላይ አኖሩት።

«ይህ ቂጡ ድቡልቡል ነው፤ አይቆምም» አሉ። «መደቡ ላይ የታተመው ግን ቂጡ ጠፍጣፋ የሆነ የጣሳ ምልክት ነው። እንግዲህ ዱባለ ሁለት ጊዜ ጠጥቷል። አንድ ልክ ያደክማል እንጂ ጤነኛ ወጣት አይገድልም፤ ሁለት ልክ ግን ይገድላል። ሆዱን እየቆረጠው ሁለተኛውን ከማን ይቀበላል? ባልቻ ቢሰጠው ይደፋዋል። የሺመቤት ብትሰጠው ለምን ይላታል። ሳይጠይቅ የሚቀበለው ከአንድ ሰው ብቻ ነው፤ አደይም ስሙን የደበቀችው የዚያኑ ሰው ነው። መሪጌታ፣ ከቤተ ክርስቲያን አልወጣሁም ብለውኛል። ባልቻ ግን በበሩ ሲያልፉ አይቶዎታል።»



«ባልቻን በሩ ላይ ሳየው ኮሶውን የሰጠኋትን ልጅ ያገታት መሰለኝ» አሉ መሪጌታ። «ዱባለን ሊወስዱት ነው ብዬ ሌላ ልክ በጣሳ በጥብጬ ሄድኩ። ጠጥተሃል ወይ አላልኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። የሰጠሁትን ሁሉ ዝም ብሎ የሚቀበል ልጅ ነበር። ሐሳቤ ላጋባቸው ነበር።»

አደይ ቀና አለች።

«የኔታ፣ ከረቡዕ ጀምሮ ቤታችን እየመጡ ሲያጽናኑኝ ነበር። በእጄ ገደልኩት ብዬ ሳለቅስ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ያኔ አንድ ቃል ቢናገሩ ምን ነበረበት?»

መሪጌታ ለጣሊያኑ እጄን እሰጣለሁ ብለው ሲነሱ ሐጂ ያዟቸው። ኮሶው ለምን እንደተጠጣ ከታወቀ አደይም አብራ ትሰቀላለች፤ መሪጌታ በዚሁ ዘዴ ያስቀሯቸው ሌሎች ወጣቶችም አይተርፉም። ሁሉም ባንዳ ወደሆነው ወደ ባልቻ ዞሩ። እሱ እህቱን አያት።

«ታሞ ሞተ ይበሏቸው» አለ።

ሐጂም ሄደው እንደዚያው አሉ። አዛዡ መዝገቡ ላይ ጽፎ፣ ሰፈሩን ማቃጠሉን ትቶ፣ በዱባለ ምትክ ሌላ ወጣት ከሰፈሩ እንዲመጣለት አዘዘ።

አደይ በዚያው ዕለት እንሴኖ ወዳሉት ዘመዶቿ ተነሳች። መሪጌታ ይቅርታ ሊጠይቋት መንገድ ዳር ቆመው ጠበቋት። ከሩቅ ስታያቸው መንገዱን ለቀቀችና በሰው ማሳ ዞራ ሄደች።