ከእማማ የሺ ጋር የምታወጋው ሴት

እኔ እኮ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ ከሁሉም ቀድሜ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ድራማ ላይ ጋኔን ያደረባት ሴት ሆኜ ስጮህ እንኳ ቀረጻው ሲቆም ሳቄ ያመልጠኝ ነበር። ዕድሜዬ አርባን ሲያልፍ የሚሰጠኝ ቦታ የጎረቤት ሴትና የሙሽራ እናት ብቻ ሆነ፣ ቆይቶ እሱም ቀረ፣ ስልኬ ጭር አለ፣ እኔም ካሜራ ተማርኩና ዘጋቢ ፊልም መሥራት ጀመርኩ፣ ቀራጯም ጠያቂዋም እኔው።

ባለፈው ክረምት ፎገራ ላይ ሩዝ የሚያርሙ ሴቶችን ልቀርጽ ወረታ ሰነበትኩ። እማማ የሺን ያገኘኋቸው ያኔ ነው፣ ልጆቻቸው ባሕር ዳር ገብተው፣ ውሃ በከበበው ቤት ብቻቸውን የቀሩ ባልቴት ናቸው። ቀን ነው ደግሞ፣ እመኑኝ፣ ፀሐይ ወጥታለች። ማይክሮፎኑን ነጠላቸው ላይ ሰክቼ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ "እማማ፣ ክረምቱን ከማን ጋር ያወራሉ?" አልኳቸው።

እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ አንዲት ሴት ጆሮዬ ሥር ጉሮሮዋን ጠረገች።

ማዳመጫውን አወለቅኩት፣ የእንቁራሪት ጩኸት ብቻ። መልሼ ሳደርገው ትንፋሽ ሰማሁ፣ ከዚያ ለስለስ ያለ ድምፅ፣ "ብቻሽን ነሽ?" አለኝ።

ፊቴ ምን እንደመሰለ እንጃ፣ እማማ የሺ ከመደቡ ብድግ አሉ።

"ኧረግ ልጄ! ሰማሻት አይደል? ልጆቼ እኮ አእምሮዋ ተነክቷል ብለው ከቤቴ ሊያወጡኝ ነው!"

"ማን ናት?"

"እኔስ መቼ አወቅኋት። ባሌ ከሞተ ወዲህ ትመጣለች፣ እናወጋለን። በይ የቀዳሽውን ለልጆቼ አሰሚልኝ።"

ከፈትኩት። የኔ ጥያቄ አለ፣ እንቁራሪቱ አለ፣ የሳቸው ጩኸት አለ፣ እሷ ግን የለችም። ቢጨንቀኝ ለትልቁ ልጃቸው ደወልኩና በጆሮዬ ሰምቻለሁ አልኩት።

"አንቺ ተዋናይዋ አይደለሽ እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

እማማ የሺ ስልኩን ስዘጋ ጠጋ አሉኝ። "ለመሆኑ ምን አለችሽ?"

"ብቻሽን ነሽ? አለችኝ።"

"እኔንም መጀመሪያ እንደዚያው ነበር ያለችኝ" አሉ።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ደወሉልኝ፣ ድምፃቸው ሰልሏል።

"ልጄ፣ አንቺ ጋ መጣች እንዴ? ከሄድሽ ወዲህ እኮ ዝም ብላኛለች።"

"ኧረ አልመጣችም፣ እማማ።"

"እንግዲያ ከመጣች፣ የሺ ትጠብቅሻለች በያት" ብለው አለቀሱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ስገባ ሬዲዮም ቴሌቪዥንም አብሬ ነው የምከፍተው። አንዳንድ ቀን ግን፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ሁለቱንም አጠፋና ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።